አምባሰልና ባቲ፣ ፊት ለፊት

ሽሮ ሜዳ ከሚሸመነው ጥለት አብዛኛው ከመሃሉ ቢታጠፍ ግራው በቀኙ ላይ ልክክ ይላል። በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ለትውልዶች ሲሠሩበት የኖሩት ስልት ይህ ነው፤ ከመሃል በስተግራ የገባው ቀለም በስተቀኝም በዚያው የክር ቁጥር ይደገማል። ስለዚህ ጥለቱ ብቻውን ወደ የትም አያዘነብልም። ያንኑ ነጠላ ግን ለቅሶ የሚሄድ ሰው ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻው አውጥቶ ይለብሰዋል፤ ለበዓል የሚወጣ ደግሞ ወደ ታች ያወርደዋል። ሐዘንን ከደስታ የሚለየው የጥለቱ ንድፍ አይደለም፤ ጥለቱ በለባሹ ገላ ላይ ያረፈበት ቦታ ነው።

ቅኝቶቻችንም የተሠሩት እንዲሁ ነው። በውስጣቸው የመስታወት ግጥምጥም አለ፤ አንዳንዱ ከራሱ ጋር፣ አንዳንዱ ከሌላ ቅኝት ጋር ይገጥማል። የሂሳብ ሰዎች ይህን ሲሜትሪ ይሉታል። ዜማው ተነሥቶ የሚመለስበት ድምፅ ግን፣ መኖሪያ ቤቱ የምንለው ድምፅ፣ ከራሱ ጋር በሚገጥም በአንዱም ቅኝት መስታወቱ በቆመበት መስመር ላይ አይቀመጥም። እኔ የቅኝቶቻችን ልዩ ጣዕም የሚመጣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገሩን በቁጥር ላሳይ።

መለኪያችን ግማሽ ድምፅ ነው። በፒያኖ ወይም በኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከሚቀጥለው ቁልፍ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ያለው ርቀት አንድ ግማሽ ድምፅ ይባላል። ከዶ ተነሥቶ እስከ ላይኛው ዶ 12 ግማሽ ድምፆች አሉ። ቅኝቶቻችን እነዚህን 12 እርምጃዎች ለ5 ድምፆች ያከፋፍላሉ። አንዱ ቅኝት ከሌላው የሚለየው በዚህ አከፋፈል ብቻ ነው።

ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እርምጃዎቹ 2-2-3-2-3 ናቸው፤ የመጨረሻው 3 ከላ ወደ ላይኛው ዶ የሚመልሰን ነው። ትዝታ ማይነር ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፦ 2-1-4-1-4። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፦ 1-4-2-1-4። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፦ 4-1-2-4-1። ባቲ ማይነር ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው፦ 3-2-2-3-2። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፦ 1-4-1-3-3። ሁሉም ተደምረው 12 ይሆናሉ።

አሁን የአምባሰልን ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት ያንብቡት። 1-4-2-1-4 ሲገለበጥ 4-1-2-4-1 ይሆናል። ይህ ባቲ ሜጀር ነው፤ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይዛነፍ።

አምባሰልና ባቲ ሁለቱም የወሎ አገሮች ናቸው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ የውጫሌ ውል የተፈረመበት ተራራማ ምድር ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ወደ አፋር የሚወርደው መንገድ ላይ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። አንዱ የደጋ፣ ሌላው የቆላ ደጃፍ። ስማቸውን የሰጧቸው ሁለት ቅኝቶች አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ሆነው መገኘታቸውን ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል። ይህን አስቦ የሠራ ሰው ነበረ ማለቴ አይደለም። የአዝማሪ ጆሮ፣ ቁጥር ሳይጽፍ፣ 12ን ለ5 ማካፈል ከሚቻልባቸው ብዙ መንገዶች ውስጥ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ አቆይቷል።

ግልበጣው በድምፆቹ ላይ ምን እንደሚሠራ በክራር ላይ በደንብ ይታያል። በአምባሰልና በባቲ መካከል ሦስት ድምፆች አይነኩም፦ ዶ፣ ፋ እና ሶል። የሚቀያየሩት ሁለቱ ናቸው። በአምባሰል ሬ ፍላት በዶ ላይ፣ ላ ፍላት በሶል ላይ ተጠግተው ይቀመጣሉ፤ በግማሽ ድምፅ ርቀት ከላይ ሆነው ወደ ታች ይጫናሉ። ክራር ደርዳሪው እነዚህን ሁለት ክሮች እያንዳንዳቸውን በሦስት ግማሽ ድምፅ ሲያጠብቃቸው ሬ ፍላት ሚ ይሆናል፣ ላ ፍላትም ሲ ይሆናል። አሁን ሚ ከፋ በታች፣ ሲ ከላይኛው ዶ በታች ተጠግተዋል፤ ያው ግማሽ ድምፅ ነው፣ ግን ከታች ወደ ላይ ይገፋል። በአምባሰል ዜማው ወደ ቤቱ የሚገባው ከላይ ወርዶ ነው። በባቲ ከታች ወጥቶ ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትዘፍን የአንድ ስንኝ መጨረሻ እንዴት እየከበደ እንደሚያርፍ የሰማ ሰው ይህን ክብደት በጆሮው ያውቀዋል። ሬ ፍላት ዶን ከላይ ሲጫነው የሚሰማ ክብደት ነው፤ ባቲ ሜጀር ይህ ክብደት የለውም፣ ምክንያቱም ተጫኙ ድምፅ ከዶ ማዶ ተሻግሮ ገፊ ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አምባሰልና ባቲ እንዲህ የተገጣጠሙ ከሆነ፣ ለምን ስንሰማቸው መንትያ አይመስሉንም? ስሙ ከድምፅ ፍጥነት ጋር ለሚነጻጸር የፍጥነት መለኪያ የተሰጠው ኤርንስት ማክ እ.ኤ.አ. በ1871 ፕራግ ውስጥ ስለ ሲሜትሪ ባደረገው ንግግር ይህንኑ ነገር ነክቶታል። የፒያኖ ቁልፎች ሬ ላይ መስታወት ቢቆም ግራና ቀኛቸው ይገጥማል፤ ከሬ ወደ ቀኝም ወደ ግራም የነጭና የጥቁሩ ተራ አንድ ነው። አንድን ዜማ በዚህ መስታወት ገልብጦ መጫወት ይቻላል፤ ሜጀሩ ማይነር ይሆናል፣ የሚወጣው ይወርዳል። ዓይን ሁለቱ እጆች በቁልፎቹ ላይ ተመሳሳይ መንገድ ሲሄዱ ወዲያው ያያል። ጆሮ ግን አይሰማውም። ለጆሮ ላይና ታች እንደ ግራና ቀኝ እኩል አይደሉም። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ፦ ዘፋኝ በእስትንፋስ ይዘፍናል፤ እስትንፋስ ሲያልቅ ድምፅ ይወርዳል። በዘፈናችን የስንኝ ማረፊያ አብዛኛውን ጊዜ ታች ነው። ስለዚህ የአምባሰልን ዜማ በሙሉ ብንገለብጠው የሚወጣው የባቲ ዘፈን አይሆንም፤ ማረፊያው ላይ የተሰቀለ፣ ጌጡም ከቦታው የለቀቀ ነገር ይሆናል። የሚገለበጠው የድምፆቹ ርቀት ነው፤ አዘፋፈኑ አይገለበጥም።

ከራሳቸው ጋር የሚገጥሙት ቅኝቶች የትኞቹ ናቸው? ለዚህ ኪቦርድ ጥሩ ምስክር ነው። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተሰድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን፣ በግራ ያለውን፣ ይዛችሁ ጥቁሮቹን ብቻ እየተከተላችሁ ወደ ቀኝ ሂዱ፤ ትዝታ ሜጀርን ተጫወታችሁ ማለት ነው። አሁን ከሦስቱ የመሃለኛውን ጥቁር ይዛችሁ በቀኝ እጅ ወደ ላይ፣ በግራ እጅ ወደ ታች ቁጠሩ። ወደ ላይ 2-3-2-3-2፣ ወደ ታችም 2-3-2-3-2። ከፊትም ከኋላም ቢነበብ ያው የሆነ ቁጥር። ትዝታ ሜጀር በራሱ ውስጥ መስታወት አለው፤ መስታወቱ የቆመው ግን በሁለተኛው ድምፁ ላይ ነው፣ በዶ ሲጀመር በሬ ላይ። ቤቱ ከመስታወቱ አንድ ድምፅ ወደ ጎን ነው።

ባቲ ማይነርም የዚሁ ዘመድ ነው። ትዝታ ሜጀርን ከአምስተኛው ድምፁ፣ ከላ ጀምራችሁ ብትቆጥሩት 3-2-2-3-2 ታገኛላችሁ። ድምፆቹ አንድ ናቸው፣ ቤቱ ብቻ ተዛውሯል። እንዲሁም ትዝታ ማይነርን ከአራተኛው ድምፁ ብንጀምረው 1-4-2-1-4 ይሆናል፤ አምባሰል። ያንኑ አምስት ድምፅ ይዞ አንዱን ቤት ማድረግ ትዝታን ይሰጣል፣ ሌላውን ቤት ማድረግ አምባሰልን ይሰጣል። ጥለቱን ወደ ላይ ማውጣትና ወደ ታች ማውረድ ማለት ይህ ነው።

አንቺሆዬ ከሁሉም ያስደንቃል። ከላስታ ጋር የሚያያዘው ይህ ቅኝት ለባዕድ ጆሮ የሚከብድ፣ በምዕራባውያን ኮርድ ለማጀብም የሚያስቸግር ነው። ሶሉ ወርዷል፤ ሌሎቹ ቅኝቶች ሁሉ የሚደገፉበት የዶና የሶል ምሰሶ እዚህ የለም። እንዲህ ያለው ቅኝት ውስጡ የተዘበራረቀ ይመስላል። ቁጥሩን ከላ ጀምራችሁ አንብቡት፦ 3-1-4-1-3። ፍጹም መስታወት ነው። መስታወቱ በአምስተኛው ድምፅ በላ ላይ ቆሟል፣ ቤቱ ዶ ግን ከሱ በሦስት ግማሽ ድምፅ ይርቃል።

እንግዲህ ከራሳቸው ጋር የሚገጥሙት ለስላሳው ትዝታ ሜጀር፣ ዘመዱ ባቲ ማይነርና ኮምጣጣው አንቺሆዬ ናቸው። ትዝታ ማይነር፣ አምባሰልና ባቲ ሜጀር ግን የትም ብትጀምሯቸው ከፊትና ከኋላ አንድ ሆነው አይነበቡም፤ የሚገጥሙት ከራሳቸው ውጭ ካለ ቅኝት ጋር ነው። የሲሜትሪ ውበት ከጣዕም ውበት ጋር አንድ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ቅኝቶቻችን ይህን አያረጋግጡም። በአንድ በኩል ለሕፃን የሚቀለው፣ በሌላ በኩል ለባለሙያ የሚከብደው በአንድ የመስታወት ሕግ ተሠርተዋል፤ ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ትዝታ ማይነር ደግሞ በራሱ ውስጥ መስታወት የለውም።

እንዲያውም አንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ሁሉን ሊለውጥ ይችላል። የባቲ ሜጀርን ፋ ወደ ፋ ሻርፕ ከፍ ብታደርጉት 4-2-1-4-1 ይሆናል። ይህ ትዝታ ማይነርን ከአምስተኛው ድምፁ ስትቆጥሩት የምታገኙት ተራ ነው። አንድ ክር በትንሹ ሲጠብቅ ባቲ ከመስታወቱ ማዶ ተነሥቶ ወደ ትዝታና አምባሰል ወገን ይሻገራል።

ቤቱ በመስታወቱ ላይ አለመቀመጡ የተፈጥሮ ግዴታ አይደለም። ቻይናውያን ከአምስቱ ጥንታዊ የድምፅ ተራዎቻቸው አንዱን፣ ሻንግ የሚሉትን፣ ከሬ ይጀምሩታል፦ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ። ቁጥሩ 2-3-2-3-2 ነው፤ ቤቱም መስታወቱም አንድ ቦታ ናቸው። ድምፆቹ ከትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ናቸው። እኛ ግን ከነዚሁ ድምፆች ቤት ያደረግናቸው ዶንና ላን ነው፤ አንዱ ትዝታ፣ ሌላው ባቲ ማይነር ሆነ።

ቤት በመስታወት ላይ ሲሆን ከላይም ከታችም ያለው ርቀት እኩል ነው፤ ጆሮ ወዴት እንደሚያዘነብል ምልክት ያጣል። ይህ እስከ መጨረሻው ሲሄድ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የፈረንሳዩን ክሎድ ደቡሲን መስማት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው የመጀመሪያው የፒያኖ ፕሬሉድ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ቯል የተባለው ሥራ በአብዛኛው የተሠራው 2-2-2-2-2-2 በሆነ ተራ ነው። ስድስቱም እርምጃ እኩል ስለሆነ ማናቸውም ድምፅ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አንዱም ቤት አይሆንም፤ ሙዚቃው ይንሳፈፋል። ከዚያ መሃል ላይ ደቡሲ ለጥቂት ጊዜ ወደ ጥቁሮቹ ቁልፎች ይሄዳል፣ ማለትም ወደ ትዝታ ሜጀር ድምፆች፤ ወዲያው ሙዚቃው መሬት ይረግጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። 12 ለ5 እኩል አይካፈልም። አምስት ድምፅ በ12 እርምጃ ላይ እንዴትም ብትደረድሩት እኩል ክፍተት አይወጣለትም፤ እያንዳንዱ ድምፅ በዙሪያው የሚያየው ርቀት ከሌላው ይለያል። ጆሮ የት እንዳለ የሚያውቀው በዚህ ልዩነት ነው።

የአምባሰልና የባቲ መስታወት በዓለም ላይ ብቻውን አይደለም። በጃፓን ሚያኮ ቡሺ የሚባለው የድምፅ ተራ፣ ሳኩራ ሳኩራ የተሰኘው ዝነኛ ዜማ የተሠራበት፣ 1-4-2-1-4 ነው። ከጃፓን በስተደቡብ ያሉት የኦኪናዋ ደሴቶች ደግሞ የራሳቸው አላቸው፣ የሪዩክዩ ተራ ይሉታል፦ 4-1-2-4-1። አምባሰልና ባቲ፣ በቁጥር ደረጃ፣ ባሕር ማዶ እንደገና ተገናኝተዋል። የጃፓኑ የሙዚቃ ተመራማሪ ፉሚዮ ኮይዙሚ የአገሩን ተራዎች ያስረዳው እያንዳንዱን ለሁለት ትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ ነው፤ በሚያኮ ቡሺ 1-4፣ በሪዩክዩ 4-1 ይደገማል፣ በመካከል 2 ይገባል። ይህ ለእኛም ይሠራል። አምባሰል 1-4፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ እንደገና 1-4 ነው። ባቲ 4-1፣ 2፣ 4-1። ጃፓንና ወሎ አንዱ ከሌላው ተማረ የሚል ማስረጃ አላውቅም፤ አስፈላጊም አይመስለኝም። ዶንና ፋን እንደ ምሰሶ ለሚያቆም ሕዝብ በመካከላቸው አንድ ድምፅ ማስገባት ይቀረዋል፤ ያ ድምፅ ወይ ወደ ታችኛው ይጠጋል ወይ ወደ ላይኛው።

ይህን ሁሉ ስል የፒያኖን ልኬት ተከትዬ ነው፤ ልኬቱ ደግሞ ለክራርና ለማሲንቆ ባዕድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገብተው የነሐስ ሙዚቃ መጫወት ሲጀምሩ፣ በኋላም ኔርሴስ ናልባንዲያን የአገር ዜማዎችን ለኦርኬስትራ ሲያቀናብር፣ ቅኝቶቹ በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ላይ መቀመጥ ነበረባቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደና ከሱ በኋላ የመጡ መምህራን በኖታ ሲያስተምሩም እንዲሁ። የማሲንቆ ገመድ ግን ቁልፍ የለውም። አዝማሪው የአምባሰልን ሬ ፍላት ከፒያኖው ትንሽ ዝቅ ወይም ትንሽ ከፍ አድርጎ ሊይዘው ይችላል፣ በአንድ ዘፈን ውስጥም ሊያንሸራትተው ይችላል። መስታወቱ ስለዚህ በተግባር ትንሽ ይወዛወዛል። ይህ ግን ቅርጹን አያጠፋውም፤ ሬ ፍላት ምንም ቢወዛወዝ ወደ ዶ የተጠጋ ነው፣ ወደ ፋ አይጠጋም። ሙላቱ አስታጥቄ የአምስቱን ድምፅ ቅኝት በ12ቱ ድምፅ ኮርዶች ላይ ሲያስቀምጥ የኢትዮ ጃዝን ቀለም ያገኘው ይህ ቅርጽ ስለማይጠፋ ይመስለኛል።

እነዚህ ቅኝቶችም የአገሪቱን ሙዚቃ ሁሉ አይወክሉም። እዚያው ሽሮ ሜዳ ጥለት የሚሸምኑት የዶርዜ ሰዎች በአገራቸው በአንድ ጊዜ ብዙ የተለያዩ ድምፆችን እያጠላለፉ ይዘፍናሉ፤ የእነሱ ሙዚቃ በአንድ ዜማና በአንድ ቅኝት መለኪያ የሚለካ አይደለም። እሱ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል።

ለሙዚቃ መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ። ቅኝት ለተማሪ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በቃል የሚሸመደድ የኖታ ዝርዝር ሆኖ ነው፤ ትዝታ ይኸው፣ ባቲ ይኸው፣ ፈተና ይኸው። በምትኩ አንድ ክራር ለተማሪው ስጡት። ዶን፣ ፋንና ሶልን ይቃኝና አይንካቸው። የቀሩትን ሁለት ክሮች ወደ ዶና ወደ ሶል አስጠግቶ አምባሰልን ይስማ፤ ከዚያ እነዚያኑ ሁለት ክሮች ወደ ፋና ወደ ላይኛው ዶ አጥብቆ ባቲን ይስማ። ሁለቱ ቅኝቶች አንዱ የሌላው ግልባጭ መሆናቸውን በገዛ ጣቱ ያገኘዋል፤ ይህን ያገኘ ተማሪ አንቺሆዬን ብቻውን መፈለግ ይጀምራል።